«የለም» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ቢሮዬ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሲያናግረኝ ግማሹን የምረዳው ከከንፈሩ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ጽሑፏም ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «በዚህ ርዕስ ላይ በአገራችን እስካሁን የተሠራ ጥናት የለም» ይላል።

«የት የት ፈለግሽ?» አልኳት።

«የላይብረሪውን ዳታቤዝ አይቻለሁ፣ መምህር። ምንም የለም።»

«መፈለጊያው ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ርዕሴን ነዋ። እንዳለ።»

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አብረን ፈለግን። በመጨረሻ ጥቂት ጽሑፎች ይዛ፣ ትንሽ አፍራ፣ ትንሽም ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት መነሣት አቃተኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ሁሉም ተማሪ የሚጽፈውን ነው የጻፈችው። እኔም በእሷ ዕድሜ ያንኑ ቃል ተናግሬ ነበር። ያኔ ግን ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም፤ ለአባቴ ነው የነገርኩት።

ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ በሠፈራችን በነበረ አንድ አነስተኛ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ግቢው የብረትና የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። አባቴ የነበረበት ክፍል ጥጡ በየጥቅሉ ታስሮ ገብቶ የሚፈታበትና የሚበጠርበት ሲሆን ሠራተኞቹ «ባዘቶ ቤት» ይሉታል። ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤለት ስሄድ በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አይ ነበር። የሐምሌ ጭጋግ ጣሪያ ሥር የገባ ይመስላል። ሰዎቹ አፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከዚያ ነጭ ጭጋግ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ የትኛው አባቴ እንደሆነ የማውቀው በአረማመዱ ነበር።

ማታ ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ነው። እናቴ ደጅ ላይ አቁማ በመጥረጊያ ታራግፈዋለች፤ እሱም እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ይቆምላታል። እኔና ታናሽ ወንድሜ እንስቅ ነበር። አባታችን ቀን አርጅቶ ማታ ተመልሶ ወጣት የሚሆን ሰው ይመስለን ነበር።

ሳሉ መቼ እንደጀመረው አላስታውስም። የማስታውሰው ሰኞን ነው። እሑድ ደህና ሆኖ ይውላል፤ ያስቀድሳል፣ ከሰዓት በኋላ አጥር ይጠግናል፣ ክረምት ከሆነ ያ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ ደጃችንን እንዳይውጠው ጠጠር እየተሸከመ ይደለድላል። ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ግን ደረቱን በመዳፉ ደግፎ ነው። «ሰኞ ሰኞ አንድ ሰው ደረቴ ላይ የሚቀመጥብኝ ይመስለኛል» ይል ነበር። «ማክሰኞ ትንሽ ይነሣል፣ ረቡዕ ትቶኝ ይሄዳል።» የክፍሉ ተቆጣጣሪ ደግሞ ሰኞ ሰኞ መድከሙን አይቶ፣ «እሑድን ምን ስትጠጣ ዋልክ?» ይለዋል፣ ያውም በሰው ፊት። አባቴ ጠላ እንኳ ለዓመት በዓል ካልሆነ አይቀምስም ነበር። ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረን ለመሳቅ ይሞክራል፤ ሳቁን ግን ሳሉ ይቀማዋል። ከዓመታት በኋላ ስለ ሰኞ ማውራት ተወ። ሳምንቱ በሙሉ ሰኞ ሆኖበት ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የሕብረተሰብ ጤና ነው ያጠናሁት። አራተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ጥቅምት ላይ፣ ፋብሪካው አባቴን በጤና ጉድለት ሊያሰናብተው እንደሆነ ደብዳቤ ጻፈለት። ክሊኒኩ የሰጠው ወረቀት አስም ይላል። አስም ከሆነ ደግሞ የራሱ በሽታ ነው፤ ሥራው አላመጣበትም። በሥራ የመጣ ሕመም ነው ቢባልለት ሕክምናውን ፋብሪካው ይቀጥላል፣ ጡረታውም በዚያው ልክ ይከበርለታል። ነገሩ የእሱ ብቻም አልነበረም። በዚያው ክፍል ደረታቸውን የሚታመሙ ሌሎች ስምንት ሠራተኞች የእሱ ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅ ይጠብቁ ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች አቤት የሚሉት ጋሽ ከድር ነበሩ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ጎረቤታችንም፣ የሠራተኛው ተወካይም። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከማሽኑ በላይ ይሰማል። የአባቴን አቤቱታ ለአሠሪና ሠራተኛ ቦርዱ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የአስተዳደር ኃላፊው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ጥጥ ሰው ያሳምማል የሚል ጥናት በአገራችን ካለ አምጡና እንየው አለኝ። ከሌለ ግን አባትሽ ወርቅነህ የስንብት ወረቀቱን ይፈርም አለ። እኔ ጥናት የሚባለውን የት አውቄው? አንቺ ግን ዩኒቨርሲቲ ነሽ።»

«ስንት ቀን ሰጡን?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ይገኛል፣ ጋሽ ከድር። አያስቡ» አልኩ።

አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲጠርግ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ፈገግታውን እንዳላይበት መሆኑን አውቄያለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማረኝ ለዚህች ቀን ይመስል ነበር።

ያኔ ከአቃቂ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቃሊቲ ላይ ወርጄ ሁለተኛ ታክሲ እይዛለሁ። ወያላው «ሳሪስ! ጎተራ! ስታዲየም!» እያለ በሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች አጠገባችን ሲቆሙ የናፍጣው ጭስ በመስኮቱ ይገባና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። ላይብረሪው ስደርስ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። የኮምፒውተሩ ክፍል ውስጥ ከሚሠሩት ማሽኖች ለአንዱ ስም አስመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነው፤ ተራው ሲደርስ የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከግማሹ ሰዓትም ግማሹ ገጹ እስኪከፈት ያልቃል።

የመጀመሪያው ቀን መፈለጊያው ላይ የጻፍኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በአቃቂ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የጥጥ አቧራ የሚያስከትለው የአስም በሽታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ እንደ ፈተና መልስ አሳምሬ ጻፍኩት። ማሽኑ ብዙ አሰበና ዜሮ አለኝ። ትንሽ አስተካክዬ ደገምኩት። ዜሮ። አቃቂን አወጣሁት። ዜሮ። በሁለተኛው ቀን ተናድጄ አስም የሚለውን ቃል ብቻ ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ቆጥሬ የማልጨርሰው ጽሑፍ ጎረፈ፤ የፈረንጅ ሕፃናት አስም፣ የድመት ፀጉር፣ የአበባ ብናኝ። ሁለት ገጽ ወረድኩና ዓይኔ ደከመ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በአራተኛው ያንኑ ረጅም ዓረፍተ ነገር ደግሜ ጻፍኩና ያንኑ ዜሮ አየሁ።

ከኮምፒውተሩ ክፍል በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ነበር። ጋሽ ብርሃነ የሚባሉ የላይብረሪ ባለሙያ ይቀመጡበታል፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ሹራባቸውን በግንቦት ሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ «ያልገባዎትን ይጠይቁ» የሚል ካርቶን ቆሟል። በአራቱም ቀን፣ ስገባም ስወጣም፣ በፊታቸው አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም «አገኘሽ ወይ ልጄ?» ብለውኛል። «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ አለፍኩ። እንዲህ ያልኩበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አራተኛ ዓመት ደርሼ መፈለግ አልችልም ማለት አሳፈረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ነበር። ቃሊቲ መኪና መያዣው አጠገብ ሴቶች የሽምብራ እሸት ከነሐረጉ ቆልለው ይሸጣሉ። ሁለት እስር ገዝቼ ቤት ገባሁ። አባቴ ደጅ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሸቱን መሀላችን አስቀምጠን እንፈለፍል ጀመር። እሱ አንዱን ወደ አፉ፣ አንዱን ወደ እኔ መዳፍ ነው የሚያደርገው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚያበላኝ።

«እህሳ፣ ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«የለም፣ አባዬ።»

«ምንም?»

«ምንም። በአገራችን የተጻፈ ነገር የለም። ሁሉንም አይቻለሁ።»

ሁሉንም አላየሁም ነበር። ከባሕር በጭልፋ ቀድቼ ባሕሩ ባዶ ነው እንደማለት ነው። አባቴ ግን ይህን በምን ያውቃል? በእጁ የያዘውን ሽምብራ ለረጅም ጊዜ ሲያሻሽ ቆየና፣ «አንቺ የለም ካልሽ የለም ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድሜ ትምህርት አወራን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የክት ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ጋሽ ከድር በሩ ላይ ደረሱ። ሊፈርም እንደሆነ የሰሙት ከእናቴ ነበር።

«ገና አንድ ሳምንት አለን፣ ወርቅነህ። ለምን ትቸኩላለህ?» አሉት።

«ልጄ ፈልጋ አጥታለች፣ ከድር። የዩኒቨርሲቲውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጣ አጥታለች። የሌለ ነገር ይዤ ሰው ፊት ልቁም? ሰካራም ነው ሲሉኝ የኖሩት ይበቃኛል፤ ደግሞ ውሸታም ልባል?»

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው እንደዚያን ቀን ዝቅ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። «በደንብ አይተሻል አይደል፣ ልጄ?»

«አይቻለሁ» አልኩ።

ያን ጊዜ እንኳ «አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አባቴ ሄዶ ፈረመ። የፈረመው ወረቀት ስንብቱን መቀበሉን ብቻ ሳይሆን ለቦርዱ ያስገባውን አቤቱታም በፈቃዱ ማንሳቱን የሚገልጽ ነበር። ሲመለስ ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። «በቃ ተገላገልን» አለ።

ጥር ላይ ሌላ ጽሑፍ ለመሥራት ላይብረሪ ሄድኩ። የመመረቂያ ርዕሴ ስለ ንጹሕ ውሃ ነበር። ተራዬ ደርሶ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግን እጄ ያንን የኅዳሩን ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ቁስል መነካካት እንደሚሉት ነው። ዜሮው ሲወጣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«እንደዚህ ብለሽ ከጠየቅሽው አይመልስልሽም፣ ልጄ።»

ጋሽ ብርሃነ ናቸው። ወንበር ጎትተው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ማሽን እንደ ሰው አይረዳሽም» አሉኝ። «ቃል ከቃል ማመሳሰል ብቻ ነው የሚያውቀው። አሥር ቃል ስትሰጪው አሥሩም አንድ ላይ ያሉበትን ጽሑፍ ካላገኘ የለም ይልሻል። እያለ የለም ይልሻል! ወረቀት አለሽ?»

ደብተሬን ሰጠኋቸው። ገጹን በሁለት መስመር ሦስት ቦታ ከፈሉት። «ስለ ምን ሰዎች ነው? እዚህ ጻፊ። ምን ሆኑ? እዚህ። የት? እዚህ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሥር፣ ሌላ ሰው ያንኑ ነገር በምን ስም ሊጠራው ይችላል ብለሽ አስቢ።» ጻፍኩ። ጥጥ፣ ፈትል፣ ጨርቃ ጨርቅ። ሳል፣ ደረት፣ ሳንባ፣ ትንፋሽ። ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ። አቃቂን ልጨምር ስል እጄን ያዙኝ። «እሱን ተዪው። አንዱ በዚህ ፊደል፣ ሌላው በዚያ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ ያሰናክልሻል።» አንድ ረድፍ ውስጥ ባሉት ቃላት መካከል «ወይም»፣ በረድፎቹ መካከል «እና» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስገቡ። ሠራተኛ የሚለውን ቃል ደግሞ ጭራውን ቆርጠው ኮከብ አደረጉበት፤ አንዱንም ብዙውንም አብሮ እንዲያመጣ ነው።

«አስም ነው ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ በመሀል።

«ክሊኒኩ።»

«የታመመው ሰው ራሱ ምን ይላል?»

«ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል ይላል።»

«እሱንም ጻፊው እንጂ!» አሉ።

ስድስት ወይም ሰባት ርዕሶች ወጡ። አብዛኞቹ ላይ አንድ የማላውቀው ቃል ነበር፤ ቢሲኖሲስ ይላል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ስም ነው። እስከ አራተኛ ዓመት ጤና ተምሬ ይህን ቃል አንድም ቀን አልሰማሁትም፤ ወይም ክፍል ውስጥ ተነግሮ እኔ አላዳመጥኩም። ጋሽ ብርሃነ በጣታቸው ስክሪኑን መታ መታ አደረጉት። «አየሽ፣ ስሙ ይሄ ነው። አሁን በስሙ ጥሪው።» በስሙ ጠራሁት፤ አጠገቡ የአገራችንን ስም ጨመርኩ። መጣ። በእኛው አገር፣ ስለ እኛው የጥጥ ሠራተኞች የተጻፈ ነበር። የአንዱን የመጨረሻ ገጽ አስወረዱኝ፤ ዋቢዎቹ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ነበሩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ጋሽ ብርሃነ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን ሲያዩ ደስታቸው ጠፋ። «ምነው?» አሉኝ።

«አባቴ ነው የታመመው። ኅዳር ላይ የለም ብዬው ፈርሟል።»

መነጽራቸውን አወለቁት። «ያኔ መጥተሽ ብትጠይቂኝ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ከዚያ ተነሥተው ጽሑፎቹን ራሳቸው አተሙልኝ።

ወረቀቶቹን ደረቴ ላይ አቅፌ ታክሲ ያዝኩ። ያን ቀን ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከመኪናው ወርጄ በአቧራው ውስጥ እየሮጥኩ እየተራመድኩ አቃቂ ገባሁ። ጋሽ ከድርን የፋብሪካው በር ላይ፣ ፈረቃው ሲወጣ አገኘኋቸው። ወረቀቶቹ ምን እንደሚሉ እዚያው ቆሜ በአማርኛ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወረቀቶቹን ተቀበሉና አንድ በአንድ፣ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ይመስል፣ ገለጧቸው።

«ለአባትሽ አሁን አትንገሪው» አሉኝ። «መጀመሪያ እኔ ልሞክር። ከተሳካ ምሥራቹን አብረን እንነግረዋለን።»

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ሄዱ። የአስተዳደር ኃላፊው ወረቀቱን አላየውም፤ የአባቴ ፋይል ተዘግቷል አለ። ቦርዱ ዘንድ የነበሩት ጸሐፊ ደህና ሰው ነበሩ አሉ ጋሽ ከድር፤ መዝገቡን አውጥተው ፊርማውን አሳዩአቸው። በፈቃዱ የተነሣ አቤቱታ ነው፤ የሚንቀሳቀስበት መንገድ የለም አሏቸው። ጋሽ ከድር ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት እያዩ ነበር። «በወርቅነህ በኩል አብቅቷል፣ ልጄ። በሌሎቹ እሞክራለሁ።»

ለአባቴ የነገርኩት በዚያው ቀን ምሳ ላይ ነው። እናቴ ሽሮ አቅርባልን ጓዳ ነበረች። ወረቀቶቹን አወጣሁ። «አባዬ፣ ጥናቱ አለ። ያኔም ነበረ» አልኩት። ወረቀቶቹን እንጂ እኔን አላየም።

«አንብቢልኝ» አለ።

እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ስለ ጥጥ ብናኝ፣ ስለ ማበጠሪያው ክፍል፣ ከሁሉም ክፍል የባሰው እሱ መሆኑን ነገርኩት። ከዕረፍት ቀን በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረት እንደሚታፈን፣ እየዋለ እያደረ እንደሚቀልል፣ በመጨረሻ ግን በየቀኑ እንደሚሆን የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ሰኞን ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል።»

«ራሱን ሰኞን?»

«ራሱን ሰኞን፣ አባዬ።»

እናቴን ጠራት። እጇን በቀሚሷ እያበሰች ስትመጣ፣ «ሰማሽ?» አላት፤ «መጠጥ አይደለም ይላል። የተማሩ ሰዎች ናቸው የጻፉት።» እናቴ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ተመለሰች። አባቴ ወረቀቱን ተቀበለኝና የማያነበውን መስመር በጣቱ ተከተለው።

«መቼ ነው የጻፉት?» አለኝ።

«ብዙ ጊዜ ሆኖታል። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው።»

«ያኔ ቢነግሩንስ» አለ። ይህን ያለው በቁጣ አይደለም፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው ነው። «ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አንብቦት ቢሆን ክፍል እቀይር ነበር እኮ። ፈትል ክፍል ሁለት ጊዜ ክፍት ቦታ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። «እኔ ነኝ፣ አባዬ» አልኩት። «በደንብ አልፈለግኩም። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አልጠየቅኩም። ሁሉንም አይቻለሁ ያልኩህ ውሸት ነው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ፈለግሽ፤ አጣሽ።»

«አልፈለግኩም እያልኩህ ነው!»

ሳሉ መጣበትና ብዙ ቆየ። ሲለቀው ዓይኑን ጠራርጎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ብዪ በያ፣ ቀዘቀዘ» አለኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያን ቀን በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም።

ጋሽ ከድር በእነዚያ ወረቀቶች የስምንቱን ሰዎች ጉዳይ አንቀሳቀሱ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሦስት ሴቶች ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወሩ። የቀሩት ገና በቀጠሮ ላይ ሳሉ ፋብሪካው ተሸጠና ሠራተኛው ተበተነ። ወረቀቱም፣ አቤቱታውም፣ ማሽኖቹም የት እንደደረሱ አላውቅም። አባቴ ምርቃቴ ላይ መጣ፤ ወደ አዳራሹ የሚያስገባውን ደረጃ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ቆመ፤ ሰው ሲያየው መንገዱን የሚያደንቅ ለመምሰል ዞር ዞር ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። ሁለተኛውን ክረምት ተኝቶ ማደር ስለማይችል ትራስ ደግፎ በተቀመጠበት ነው ያሳለፈው። መስቀል ሳይደርስ ሞተ።

አሁን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጠዋት አውቶቡስ እጠብቃለሁ፤ ማታ አውቶቡስ እጠብቃለሁ፤ በመሀሉ ለወጣቶች ጥናት እንዴት እንደሚፈለግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይቀልዱብኛል። አንዳቸውም «የለም» ብለው እንዲጽፉ አልፈቅድም፤ «እዚህ እዚህ፣ በእነዚህ ቃላት ፈልጌ አላገኘሁም» ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ግትርነት ይመስላቸዋል። አላገኘሁም ያለ ሰው ስለ ራሱ ነው የተናገረው፤ ሌላው ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ፍለጋውን ሊቀጥልለት ይችላል። የለም ያለ ሰው ግን በሩን በሌላው ላይ ዘግቷል።

አንዳንድ ጊዜ ራሴን አጽናናለሁ። ወረቀቱን በጊዜው ብናቀርበው እንኳ ኃላፊው ሌላ ምክንያት ያመጣ ነበር እላለሁ። የአባቴ ሳንባ ያኔውኑ የሞተ ነበር፤ ምንም ወረቀት አይመልሰውም እላለሁ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ለራሴ ስነግራቸው ግን ሌላ ሰው የሚያወራኝ ያህል ይርቁኛል።

እናቴ ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ፣ «አባትሽ እኮ አንድም ቀን በአንቺ አልተቀየመም» ብላኛለች። ልታሳርፈኝ ፈልጋ ነው። ቢቀየመኝ ኖሮ ሽማግሌ ይዤ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር፤ እሱም ይቆጣ ይቆጣና በመጨረሻ ይቅር ይለኝ ነበር። እሱ ግን ጥፋቴን ጥፋት ነው ብሎ አልተቀበለኝም። ይቅርታ የምጠይቅበትን በር እንኳ ሳያሳየኝ ሄደ።